የነገረ ፈጁ ኦቤድ ታሪክ እና የኒው አልባኒው ደጃፍ

ዋይትሆል፣ ኮሎምበስ
ኦክቶበር 11፣ 2020

ውዱ አባዬ፣

እንዴት ነህልኝ፣ ጉንፋኑ ለቀቀህ ወይ፣ ያችን የሱፍ ኮፍያ ፍርድ ቤት ስትሄድ አድርጋት በናትህ፣ የደብረ ብርሃንን ብርድ አውቀዋለሁ ጃንጥላ አይመልሰውም። እኔ ደህና ነኝ፣ ባሌ ከተማም ደህና ነው፣ ኒው አልባኒ መጋዘን ውስጥ የሌሊት ሺፍት ስለሆነ እሱ ሲገባ እኔ እወጣለሁ፣ ደረጃው ላይ ነው የምንገናኘው፣ ባልና ሚስት ሳይሆን ጎረቤት ነው የምንመስለው እያለ ይስቃል።

እናናዬ ለምን አትደውይም ብላ ተቆጣችኝ፣ እህቴ ናትና ትቆጣ፣ ግን ጆሮህ ከከበደ ወዲህ እኔ "አባዬ ደህና ነህ?" ብዬ ስጮህ አንተ "ማን ሞተ?" ትላለህ፣ ሁለታችንም ደንግጠን ነው የምንዘጋው። ስለዚህ እጽፋለሁ፣ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ለእናናዬ እልካለሁ፣ እሷ አሳትማ ትሰጥሃለች። አጻጻፌ ላይ እንዳትስቅ፣ እማዬን ላስታምም ብዬ ከስድስተኛ ክፍል ያቆምኩ ሰው ነኝ፣ ነጥብ የት እንደሚገባ አላውቅም፣ ሲደክመኝ ነው የማስገባው።

የጠየቅከኝን ልመልስ። ፎቶው ላይ ከኋላዬ ሥዕሉ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው፣ አንገቱ በነጭ ጨርቅ የታነቀው ሰውዬ አሠሪዬ አይደለም፣ እሱ ከሞተ ቆይቷል። አሠሪዬ ወንበሩ ላይ ያለችው ናት፣ እትዬ ዶረቲ ነው የምላት። ዶረቲ ብቻ በይኝ ትላለች ግን ሰማንያ ያለፋትን ሰው በባዶ ስሟ መጥራት አፌ እምቢ አለኝ። አሁን እሷም ለምዳው ስልክ ስታነሳ "እትዬ ዶረቲ ነኝ" እያለች ትቀልዳለች። አጥባታለሁ፣ አለብሳታለሁ፣ መድኃኒቷን እሰጣታለሁ፣ ምሳ እሠራለሁ። ሰውዬው የቅድመ አያቷ አያት ነው፣ ኦቤድ ሃርግሮቭ ይባላል፣ ጠበቃ ነበረ፣ ኋላ የኮንግረስ አባል ሆነ። የሱን ታሪክ መጽሐፍ እየጻፈች ነው፣ ግን ከመጻፏ በፊት ጠዋት ጠዋት ስትታጠብ ለእኔ ነው የምትነግረኝ፣ እንግሊዝኛዬን ታውቃለች ቀስ ብላ ነው የምታወራው።

ጠበቃ ሲባል እንዳሁኖቹ እንዳይመስልህ አባዬ። አባቱ ቆዳ ፋቂ ነበር። ልጅየው በእግሩ ኦሃዮ መጣ፣ ያኔ እዚህ ሁሉ ጫካ ነው። የሕግ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠም፣ አንድ ሽማግሌ ጠበቃ ቤት ገብቶ ወለል እየጠረገ፣ እሳት እያነደደ፣ የሰው ውል በእጁ እየገለበጠ ነው የተማረው። ይሄን ስትነግረኝ ፎጣውን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። አባዬን ነው እንዴ የምታወራው ብዬ።

የመጀመሪያ ክርክሩ ስለ አሳማ ነው። ያኔ አሳማ ጫካ ይለቀቃል፣ የማን እንደሆነ እንዲታወቅ ጆሮው ላይ ይበጡታል። ኦቤድ ስለ ጆሮው ምልክት ብዙ ተናገረ አሉ፣ ላብ በላብ ሆኖ። ሲጨርስ ያኛው ወገን አሳማውን ራሱን አመጣና በስሙ ጠራው፣ አሳማው እየሮጠ ሄደ። ተረታ። እትዬ ዶረቲ ይሄን ስትነግረኝ ሳሙናው ዓይኗ ገባ እስክትል ሳቀች።

ይኸው ደህና ነኝ። አታስብ።

ልጅህ ሐምራዊት

*

ደብረ ብርሃን
ኅዳር 8 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለተወደድሽው ልጄ ለሐምራዊት ወልደየሱስ፣

ባለሽበት ሰላምታዬ ይድረስሽ። እኔም እናናዬም ጤና ነን። ኮፍያዋን አድርጌያለሁ።

የአሳማውን ነገር እንደኔው ከፍርድ ቤቱ በር ላይ ተቀምጠው ማመልከቻ ለሚጽፉ ጓደኞቼ አነበብኩላቸው። ወንበሩን ከኔ አጠገብ ያደረገው ላቀው "እንስሳ ችሎት ማስገባት የችሎት ንቀት ነው" አለ። እኔ ግን "ማስረጃ በአካል ቀረበ፣ ምን ይደረግ?" ብዬ ተከራከርኩት፤ እስከ ምሳ ሰዓት አልተስማማንም። የከብት ጆሮ ምልክት በእኛም አገር አለ። ሰውየውን ወደድኩት።

እንግዲህ ጥያቄ አለኝ። አንደኛ፣ ለነገረ ፈጁ ለአቶ ኦቤድ የጥብቅና ፈቃድ የሰጠው ማን ነው? እኔን ፈቃድ የለህም እያሉ ከበሩ ሲያስነሱኝ ስለኖሩ ነው የምጠይቀው። ሁለተኛ፣ ምክር ቤት ከገባ በኋላ ምን ተናገረ? ሰው እዚያ የሚገባው ሊናገር ነውና።

ሌላው፣ "ደህና ነኝ" የሚለውን ነገር ደጋግመሽ ጽፈሻል። በእኔ ሥራ አመልካች አንድ ነገር ሲደጋግም ሌላ ነገር ይዟል ማለት ነው። ከያዝሽ ጻፊው።

አባትሽ ወልደየሱስ

*

ዋይትሆል
ጃንዋሪ 24፣ 2021

አባዬ፣

ይቅርታ፣ ይቅርታ፣ ስለዘገየሁ ይቅርታ አድርግልኝ፣ ገና እንኳን ሳልጽፍልህ አለፈ። አልታመምኩም። ከተማም አልታመመም። ያኔ ስጽፍልህ እውነት ደህና ነበርኩ፣ አሁን ነው።

መጀመሪያ ጥያቄህን። ፈቃድ የሰጡት ዳኞች ናቸው፣ ሰብስበው ትንሽ ጠየቁት፣ ከዚያ በቃ ሂድ ተከራከር አሉት፣ እንደዚያ ነበር ድሮ። ከዚያ ዳኞቹ በፈረስ ከአገር አገር ሲዞሩ ጠበቆቹ አብረው ይዞራሉ፣ ማደሪያ ስለሌለ ቀን ሲሰዳደቡ ከዋሉት ጠበቃ ጋ አንድ አልጋ ላይ ነው የሚያድሩት። ኦቤድ የሚያንኮራፋ ሰው ደርሶት ለሚስቱ ደብዳቤ ጽፏል፣ "ችሎት ላይ ያሸነፈኝ አልበቃ ብሎት" ብሎ። ሚስቱ ፌቢ ትባላለች። ከዚያ ሰዉ መረጠውና በፈረስ ዋሽንግተን ሄደ። እዚያ ግን ዝም አለ። እውነቴን ነው ዝም አለ። ሌሎቹ ሲናገሩ ሲናገሩ እሱ ዝም። የእትዬ ዶረቲ ቤተሰቦች ግን አንድ ቀን ተነሥቶ ትልቅ ንግግር አድርጓል፣ ሰው አልቅሷል ይላሉ፣ ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ወሬ ነው። የምክር ቤቱ መዝገብ ግልባጭ ተልኮላት ሳጥን ውስጥ አስቀምጣው ነበር፣ ፎቅ ላይ፣ ገና ካለፈ በኋላ አንድ ጠዋት "ዛሬ ንግግሩን እናነባለን፣ ሂጂ አምጪው" አለችኝ።

አባዬ እንዳትደነግጥ።

ሄድኩ። ወንበሯ ላይ አስተካክዬ አስቀምጫት፣ ብርድ ልብሱን ጉልበቷ ላይ አድርጌላት፣ አይነሱ ብዬ። ብቻዋን ትተሻት አትሂጂ የሚል ሕግ አለን፣ አውቃለሁ፣ ግን ትልቅ ሰው ሂጂ ስትልህ እምቢ ይባላል? ሳጥኑን ይዤ ደረጃው ላይ ስደርስ ዷ ሲል ሰማሁ። ልትቀበለኝ ተነሥታ ነው። በደስታ ነው የተነሣችው። ዳሌዋ ተሰበረ። ሆስፒታል ወሰዷት፣ ከዚያ መራመድ የሚያስለምዱበት ቦታ አስገቧት፣ በኮሮናው ምክንያት ጠያቂ አይገባም፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ አላየኋትም።

አንድ ልጅ አላት፣ ግሌን ይባላል፣ ኒው አልባኒ ነው የሚኖረው። ቸል ብላ ጥላት ነው ብሎ ከሰሰኝ። እሷ እኔ ነኝ የላክኋት ብላዋለች አሉ፣ እሱ ግን ከቀዶ ጥገናው በኋላ እናቴ ትረሳለች ይላል። ሥራ አስቆሙኝ። ጉዳዩን የሚያይ ቢሮ አለ፣ ጥፋተኛ ካሉኝ ስሜ የሆነ መዝገብ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ በኋላ አሜሪካ ውስጥ አሮጊት ማጠብ አይፈቀድልኝም አባዬ፣ መጥፎ ሰው ናት ተብሎ ተጽፎ ይቀራል። እኔ እኮ ሌላ ሥራ አላውቅም። እማዬን ካስታመምኩ ጀምሮ የማውቀው ይሄን ብቻ ነው።

ምን ላድርግ? አንተ የሰው ሁሉ ጉዳይ ታውቃለህ። ንገረኝ።

ሐምራዊት

*

ደብረ ብርሃን
የካቲት 1 ቀን 2013 ዓ.ም.

ልጄ ሐምሬ፣

አይዞሽ። ከሁሉ በፊት አይዞሽ።

እንዲህ አድርጊ። ባትገፊያትም፣ በእጅሽ ሳለች የወደቀች ሰው ናት፤ ቤተሰቧ አዝኗል። ያዘነ ሰው ቤት ዝም ተብሎ አይቀመጥም። ጨዋ የሆኑ፣ ዕድሜ የጠገቡ ሰዎች ፈልጊ። እነሱን ከፊት አስቀድመሽ ወደ ልጅየው ቤት ሂጂ፤ ደጁ ላይ ቁሙ፤ እሱ ያሻውን ይናገር፣ አንቺ ዓይንሽን መሬት አድርገሽ ስሚ። ስንቱን ክስ ከበሩ ላይ እንዲህ አድርጌ መልሻለሁ! ሰው ፊቱን ካሳየ ነገር ይለዝባል። ባዶ እጃችሁን እንዳትሄዱ።

ስለ አቶ ኦቤድ ንግግር መስማት እፈልጋለሁ፤ ነገር ግን ይቆየኝ። አንቺ ትቀድሚያለሽ።

አባትሽ

*

ዋይትሆል
ማርች 7፣ 2021

ውዱ አባዬ፣

ሄድን። እንዳልከው አደረግን፣ ጋሼ ፍሥሐ፣ ጋሼ ኢድሪስ፣ እትዬ መብራት የሚባሉ እዚህ ያሉ ያገራችን ትልልቅ ሰዎች መጡልኝ፣ ሦስቱም ነጭ ለብሰው፣ እትዬ መብራት ድፎ ዳቦ ጋግራ። ሄድን ቆምን ተመለስን። ጥሩ ነው። አመሰግናለሁ ስለምክርህ።

በረዶው ትንሽ ቀለጠ። ከተማ ቀይ ጃኬት ገዛልኝ። ኦቤድ ዋሽንግተን እያለ ምን ይበላ እንደነበር ልንገርህ፣ አዳሪ ቤት ነው የሚኖሩት፣ በየቀኑ የአሳማ ሥጋ ነበር፣ ፌቢ የሠራችው የፖም ጭማቂ ይናፍቀኛል ብሎ ጽፏል፣ በየደብዳቤው መጨረሻ ላይ "ላሚቱ ወለደች ወይ?" ይላል። ያች ላም ሁለት ዓመት ሙሉ አልወለደችም መሰለኝ። ይሄን እትዬ ዶረቲ ድሮ ነው የነገረችኝ፣ አዲስ ነገር የለኝም።

እናናዬን ሳምልኝ። ጉልበትህን አደራ።

ሐምራዊት

*

ደብረ ብርሃን
መጋቢት 20 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለልጄ፣

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ስለ ላሚቱ ሳቅሁ። ጃኬቱን በጤና ልበሺው፤ ከተማን ይባረክ በይልኝ።

ነገር ግን "ሄድን ቆምን ተመለስን" ብለሻል። ሰውየው ምን አለ? ደጁን ከፈተ? ዳቦውን ተቀበለ? እኔ ይህን ዓይነት ማመልከቻ ባይ ለባለቤቱ "ሂድና ፍሬ ነገሩን ይዘህ ና" እለዋለሁ። አንቺን ግን እንዲያ አልልሽም። ልጄ ነሽ፣ ስትዋሺ የእጅ ጽሑፍሽ ያምራል፤ ይኸኛው በጣም ያምራል።

እጠብቃለሁ።

አባትሽ

*

ዋይትሆል
ሜይ 2፣ 2021

ውዱ አባዬ፣

እንኳን ለትንሣኤው አደረሰህ። በበዓል ቀን ይሄን መጻፌ ልክ አይደለም፣ ግን ከዚህ በላይ ከያዝኩት እፈነዳለሁ።

አልከፈተም።

ከመጀመሪያው ልንገርህ። የጋሼ ኢድሪስ መኪና ውስጥ ሆነን ስንሄድ ሁሉም ደህና ነበር፣ ማን ይናገር እያሉ ይጨቃጨቃሉ፣ ጋሼ ፍሥሐ "እኔ ትልቁ ነኝ" ይላል፣ እትዬ መብራት "በዕድሜ ወይስ በሆድ?" ትለዋለች። የግሌን ሰፈር ቤቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፣ ሰው ውጭ የለም፣ በረዶ ብቻ። ደጁ ጋ ስንደርስ ጋሼ ፍሥሐ ቆም አለና "እንደዚሁ ባዶ አንገት አይሆንም፣ ድንጋይ ትሸከም" አለ። እትዬ መብራት ኧረ ተው አለች፣ እሱ ግን ጎንበስ አለና ከሰውየው የአበባ መደብ ዙሪያ ከተደረደረው አንዱን ነቅሎ አንገቴ ላይ አደረገው። የራሱን የሰውየውን ድንጋይ! ተንበረከክሁ። ምን ላድርግ፣ ሽማግሌ ናቸው፣ ላመጣኋቸው ሰዎች አልታዘዝም ልበል? ደወሉን ደወሉ። በሩ ላይ ካሜራ አለ። ከካሜራው ውስጥ ድምፅ መጣ፣ እባካችሁ ሂዱ አለ። ጋሼ ፍሥሐ እንግሊዝኛው ጠፍቶት በአማርኛ ተናገረ፣ ጋሼ ኢድሪስ መረቀ፣ ዳቦውን ደረጃው ላይ አስቀመጥነው። ከዚያ ፖሊስ መጣ። ፖሊሱ መጥፎ አልነበረም፣ ብዙ አልተቆጣም፣ ድንጋዩን ወደ ቦታው መልሱ ብቻ ነው ያለን። መለስን።

አሁን ግሌን የካሜራውን ቪዲዮ ለቢሮው ሰጠ። ጥፋት ከሌለባት ለምን ተንበርክካ ይቅርታ ትጠይቃለች፣ ይኸው አመነች አለ። ነፃ ጠበቃ አግኝቻለሁ፣ ልጅ ናት፣ ጎበዝ ናት፣ እዚህ አገር ክስ ያለበት ሰው ከሳሹ ቤት አይሄድም፣ መሄድ ማመን ነው አለችኝ። ከዚያ ማን ነው ሂጂ ያለሽ ብላ ጠየቀችኝ። ማንም አልኳት። ራሴ ነኝ አልኳት።

ጁን መጨረሻ ላይ በቪዲዮ ይሰሙኛል። ያኔም ይጠይቁኛል፣ መሐላ አለው። አባቴ ነው ካልኩ እፈራለሁ አባዬ፣ አንተ ፈቃድ የለህም፣ ያለ ፈቃድ የሕግ ምክር ሰጠ ብለው ቢጽፉብህስ፣ እዚህ ሁሉ ነገር ኮምፒውተር ውስጥ ነው፣ አንድ ቀን ላመጣህ ቪዛ ስጠይቅልህ ስምህ ቢወጣስ? ማንም ካልኩ ደግሞ በመሐላ መዋሸት ነው፣ ያለ ምክንያት የተንበረከከች ጥፋተኛ እሆናለሁ። ከተማ ንገሪያቸው ይላል። እኔ ግን አንተን አሳልፌ የሰጠሁ ይመስለኛል።

እና ደግሞ እስካሁን ያልነገርኩህ ላንተ ብዬ ነው። የአንተ ምክር ጎዳኝ ብዬ መጻፍ እጄ እምቢ አለኝ። እንዳታዝን። በአንተ አልተናደድኩም፣ በጭራሽ።

ልጅህ

*

ደብረ ብርሃን
ግንቦት 10 ቀን 2013 ዓ.ም.

ልጄ፣ ዓይኔ፣

ደብዳቤሽን አንብቤ መጀመሪያ ተቆጣሁ። ከዚያ ዕቃዬን ሰብስቤ በጊዜ ወደ ቤት ገባሁ፤ እናናዬ ሻይ አፍልታ ምንም ሳትጠይቀኝ አጠገቤ ተቀመጠች። እዚያ የሚኖረውን ሰው ልማድ ሳላውቅ በራሴ አገር ልማድ መከርኩሽ። ሳላውቅ ነው። ይቅር በዪኝ።

አሁን ስሚኝ። ስሜን ጥሪ።

እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ለሰው ስጽፍ ኖሬ ስሜ አንድም ወረቀት ላይ የለም። አመልካቹ ይፈርማል፣ ዳኛው ይፈርማል፣ እኔ ካርቦኑን ጠቅልዬ እነሣለሁ። ስለ ልጄ ከሆነ ግን ይጻፍ። ወልደየሱስ ነው፣ ደብረ ብርሃን ፍርድ ቤት በር ላይ የሚቀመጠው፣ ሂጂ ያለኝ እሱ ነው፣ በይ። ቪዛውን ተዪው፤ እኔ በረዶ አልወድም።

አንድ ነገር ብቻ በግልጽ ይታወቅልኝ። ድንጋዩን እኔ አላልኩም። ድንጋይ ደም ለፈሰሰበት፣ ነፍስ ለጠፋበት ነገር ነው እንጂ ለወደቀ ሰው አይያዝም። እኒህ ፍሥሐ የሚባሉ ሰው ከየት አገር ናቸው?

ስትናገሪ ቀና በይ። ከእኔ ፊት ዓይንሽን መሬት ስታደርጊ ጨዋነት ነው፤ እነሱ ግን ዓይን ያያሉ ይባላል።

አባትሽ ወልደየሱስ

*

ዋይትሆል
ጁላይ 18፣ 2021

ውዱ አባዬ፣

አለቀ! መጀመሪያ ይሄን ልበልህ እንዳትጨነቅ፣ ወረቀቱ ዓርብ መጣ፣ ጠበቃዋ ኮል አደረገችኝ፣ ጥፋት አልተገኘባትም ነው የሚለው። ስሜ እዚያ መዝገብ ውስጥ አይገባም። ከተማ ሰምቶ ከእንቅልፉ ተነሥቶ ባዶ እግሩን ኮሪደር ላይ ወጥቶ ጮኸ፣ የጎረቤት ልጅ እናቷን "ማሚ ሂ ኢዝ ክሬዚ" አለቻት፣ አብዷል ማለቷ ነው።

አሁን እንዴት እንደሆነ ልንገርህ፣ የጠየቅከኝን ሁሉ በተራ።

በጠበቃዋ ቢሮ ኮምፒውተር ፊት ነው የተቀመጥኩት። ሰሚዋ ሴትዮ ናት፣ መነጽር ያደረገች፣ ኮስታራ። ግሌን በሌላ መስኮት ውስጥ ነው። አስተርጓሚው በስልክ ነው፣ አበሻ ነው፣ አማርኛው ከባድ ነው አባዬ፣ አንተ ስትጽፍ እንደምትጽፈው ነው የሚያወራው፣ "ተጠያቂዋ ይህን ተገንዝበዋልን?" ይለኛል። ሴትዮዋ ሐምራዊት አንቺ ነሽ ወይ ብላ ስትጠይቀኝ ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጌ አዎ አልኩ፣ እንደምንለው፣ ደነገጠችና ውሃ ስጧት አለች። አስተርጓሚው "ክብርት ሆይ፣ ይህ እሺታ ነው" አላት። ጠበቃዋ ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ነካ አደረገችኝ፣ አይዞሽ ለማለት።

ከዚያ ቪዲዮውን አሳዩ። ራሴን አየሁት አባዬ። በረዶ ላይ ተንበርክኬ፣ አንገቴ ላይ ድንጋይ፣ በእውነት የሆነ ሰው የገደልኩ ነው የምመስለው። ሴትዮዋ፣

"ይህች አንቺ ነሽ?"

"አዎ።"

"ጥፋት ከሌለብሽ ለምን እንዲህ አደረግሽ?"

አንገቴ ብቻውን ወደ ታች ሄደ። እንደ ኦቤድ ዝም ብዬ ልቀር ነው ብዬ አሰብኩ። ከዚያ "ይህን አድርጊ ያለሽ ሰው አለ?" አለች። ያኔ ቀና አልኩ። አባቴ ነው አልኩ። ወልደየሱስ ይባላል፣ ደብረ ብርሃን ፍርድ ቤት በር ላይ ተቀምጦ መጻፍ ለማይችል ሰው ይጽፋል። የወደቀ ሰው ካለ ቤተሰቡ ዘንድ ሂጂ አለኝ። እኔ ባልጥላትም እኔ ጋ ነው የወደቀችው፣ እሷ ተሰብራ እኔ እንዴት ቤቴ ቁጭ እላለሁ፣ ልጇ ሲያዝን ፊቴን ላሳየው ነው የሄድኩት፣ ሊሰድበኝ ከፈለገም እንዲሰድበኝ። ይሄን ስናገር እያለቀስኩ ነው፣ ግን ቀና ብዬ ነው።

ሴትዮዋ አስተርጓሚውን እንዲህ አለችው፣ ቪዲዮው ውስጥ ሰዎቹ ያወራሉ፣ ምንድን ነው የሚሉት? ማንም አልጠየቀም ነበር እስከዚያ ቀን! ጠበቃዬም፣ ግሌንም፣ እኔም ራሴ። እኔ እኮ ተንበርክኬ የሚሉትን አልሰማሁም፣ ልቤ ነበር ጆሮዬ ውስጥ የሚመታው። እንደገና ከፈቱት። አስተርጓሚው በዚያ በከባድ ድምፁ ጀመረ፣ ቃል በቃል፣ በመሐላ፦

"አዛውንቱ፦ መብራት፣ ጭምብልሽን ከፍ አድርጊ፣ አፍንጫሽ ወጥቷል። ሴትዮዋ፦ መነጽሬ ጉም ሲሆንብኝ በምን ልይ? አንተ ደሞ ድንጋዩን ከየት አመጣኸው? አዛውንቱ፦ ከዚሁ ነው። ሴትዮዋ፦ የሰውን ድንጋይ ሰርቀህ ነው ይቅርታ የምትለምነው? ሌላው ሰው፦ ኧረ ዝም በሉ፣ ሰውየው በመስኮት እያየን ነው።"

አስተርጓሚው እዚህ ላይ ድምፁ ተቆረጠ፣ ይቅርታ አንድ ጊዜ አለ፣ ሲስቅ እየሰማሁት ነው። የሰሚዋም ከንፈር ተንቀጠቀጠ። ከዚያ የጋሼ ፍሥሐ ንግግር መጣ፦

"ጌታዬ፣ ይህች ልጅ እናትህን አልገፋችም፣ አልጣለችም። እሳቸው ልከዋት ዕቃ ልታመጣ ወጣች። ነገር ግን በእጇ ሳሉ ወደቁ፣ ስለዚህ ሐዘንህ ሐዘናችን ነው ብለን ደጅህ ቆመናል። ሂዱ ካልክ እንሄዳለን። እናትህን እግዜር ይማርልህ።"

ግሌን መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ያሻል። ከዚያ ቀስ ብሎ "የሚሉት ምን እንደሆነ ማንንም አልጠየቅኩም" አለ። "ያስፈራሩኝ መስሎኝ ነበር። ዳቦውን ጣልኩት።" እትዬ መብራት ስነግራት ሌላውን ሁሉ ይቅር ብላዋለች፣ ዳቦውን ግን እስካሁን አልረሳችም።

እትዬ ዶረቲ ቤቷ ገብታለች። የመደገፊያ ብረት ይዛ ትራመዳለች። ወረቀቱ በመጣ በነጋታው ግሌን ደወለ፣ ወሬው ሁሉ እየተቆራረጠበት፣ ከፈለግሽ ወደ ሥራሽ ተመለሺ ብሎ። ሰኞ እገባለሁ። እንደገባሁ እንዳላቅፋት ጭምብል ምናምን አለ፣ አቅፋታለሁ።

ስለ ኦቤድ ንግግር የጠየቅከኝን አሁን አውቄልሃለሁ፣ በስልክ ነገረችኝ። ሳጥኑን ግሌን አምጥቶላት ብቻዋን አንብባዋለች፣ ሳትጠብቀኝ፣ ለዚህ አልቀየምኳትም። ትልቅ ንግግር የሚባል የለም። መዝገቡ ላይ ያለው አንድ ጊዜ መነሣቱ ብቻ ነው። ተነሥቶ ሚስቴ ንዳድ ይዟታል፣ አገሬ እንድሄድ ይፈቀድልኝ ነው ያለው። ፈቀዱለት፣ ሄደ፣ በፈረስ፣ በበረዶ። ፌቢ ዳነች። ሰዉ ግን መቀመጫውን ትቶ መጣ ብሎ በሚቀጥለው አልመረጠውም፣ ከዚያ እስኪሞት ድረስ እዚሁ ኦሃዮ ውል ሲጽፍና ስለ አሳማ ሲከራከር ኖረ። እትዬ ዶረቲ ይሄን ስትነግረኝ ታዝናለች ብዬ ነበር። "ቤተሰቤ ለሁለት መቶ ዓመት ዋሽቷል፣ እኔ ግን ይሄኛውን እወደዋለሁ" ነው ያለችው። መጽሐፉን እንደገና ልትጀምር ነው።

አባዬ አንድ ነገር ቀርቷል፣ ስንት ጊዜ ልጽፈው ብዬ ተውኩት፣ እንዳትቆጣ።

መጨረሻ ላይ ሁሉም ሊወጡ ሲሉ ሰሚዋ ሴትዮ አስተርጓሚውን ቆይ አለችው። "ለአባትሽ ይህን ንገሪልኝ" አለች፣ "ልጁን መምከሩ ጥሩ ነው፣ ሰው ዘንድ ሂጂ ማለቱም ጥሩ ነው። ሌላ ጊዜ ግን ድንጋዩን ይተወው።" ድንጋዩ የአባቴ አይደለም፣ የጋሼ ፍሥሐ ነው ልላት አፌን ስከፍት መስኮቱ ተዘጋ፣ ሁሉም ጠፉ። ጠበቃዋን አስተካክይልኝ ብዬ ለመንኳት፣ ውሳኔውን የሚቀይር ነገር አይደለም፣ ባለበት ይቆይ አለች፣ እየሳቀች ነው ያለችው። ስለዚህ ስምህ እዚህ አሜሪካ መዝገብ ላይ ተጽፏል አባዬ፣ በትክክል ተጽፏል አይቼዋለሁ፣ ከአገርህና ከሥራህ ጋር። ግን ድንጋዩም በአንተ ስም ነው።

ይቅር በለኝ።

ልጅህ ሐምራዊት ወልደየሱስ